ቡሃቃና ቦያካ

ገበያነሽ ዓምደ ሚካኤልን በአባቷ ስም የሚጠራት ሰው ዛሬ ጨፌ በር ውስጥ የለም። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ ሁሉም «ቦያካ» ነው የሚላት። ሞላሌ ወርዳ በግ ስትሸጥ ነጋዴዎቹ እንኳን «የቦያካ በግ ነው፤ በከንቱ አትከራከራት» ይባባላሉ። እሷ አትቀየምም። ስሙ እንዴት እንደወጣላት የጠየቃት ሰው ግን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። ስታወራ እጇም አብሮ ስለሚያወራ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ አይከፋም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግስቱ ዓመት ነው። ሞባይል የገዛ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ የሚንከራተትበት፣ ሲሚንቶ ደግሞ በአማላጅ የሚገኝበት ጊዜ ነበር።

ገበያነሽ ያን ጊዜ አርባን ተሻግራለች። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተድራ ኖራ፣ ባሏ ሲሞትባት ጓዟን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ሥራ የማትፈራ፣ ሰው ተቸገረ ሲባል ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጥላ የምትሮጥ ሴት ናት። አንድ አመል ብቻ አለባት፤ ነገርን እስከ መጨረሻው አትሰማም። ግማሹን ሰምታ ሙሉውን ትሠራለች። አንድ ጊዜ «ጥሩሸዋ ቤት ሕመም ገብቷል» ሲሏት ጎረቤቷ አልጋ የያዘች መስሏት አጥሚት አዘጋጅታ ከች አለች። የታመመችው ለካ ላሟ ናት። ጥሩሸዋ ምን ታድርግ፣ አጥሚቱን ራሷ ጠጣችው።

አባቷ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ግን ሌላ ሰው ናቸው። ቃላቸው የተመጠነ፣ ቁጣቸው ግን ያልተመጠነ፣ አገሩ በሙሉ «የኔታ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። የጨፌ በር ገብርኤልን ማኅሌት መምራት የጀመሩት ገበያነሽ ሳትወለድ ነው። ከሦስት ክረምት በፊት፣ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ ዝናቡ የቤተክርስቲያኑን ቅጥር አረንቋ አድርጎት ሳለ ወረቡ ደመቀ። የኔታ እንደ ልማዳቸው መቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው ሊያሸበሽቡ ሲሉ መቋሚያው ጭቃው ውስጥ እስከ ወገቡ ጠለቀ። የኔታም ከነካባቸው ተከተሉት። ዳሌያቸው ተጎድቶ በቃሬዛ ወደ ቤት ገቡ።

ወጌሻ አሽቷቸው፣ ጠበል ተጠምቀው፣ እግራቸው በዓመቱ ዳነ። ያልዳነው ኩራታቸው ነው። ያን ቀን ሕዝብ ሁሉ እያየ በሰው ትከሻ መሄዳቸው ከዳሌያቸው በላይ አሟቸዋል። «እኔ ዓምደ ሚካኤል ከእንግዲህ በሰው ተደግፌ ገብርኤል ፊት አልቀርብም» አሉና ቤት ዋሉ።

ቤታቸው ከቅጥሩ ግንብ ሥር ስለሆነ በየበዓሉ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ማኅሌቱን በጆሯቸው ይከታተላሉ። ዜማ ሲሰበር «ኧረ ተው! እዚያ ጋ ወደ ላይ ነው!» ብለው ግድግዳው ላይ ይጮኻሉ። ግድግዳው አይሰማም። ከበሮው ሲፋጠን ደግሞ መዳፋቸው ጉልበታቸውን መምታት ይጀምርና፣ ቆይቶ ቀስ እያለ ይቆማል። ገበያነሽ ያን ቀስ እያለ የሚቆም እጅ ባየች ቁጥር ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች፤ እንስራው ግን ሙሉ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ቅጥሩን በድንጋይ ለማንጠፍ የወሰነ ቀን ከሰው ሁሉ የፈነደቀችው እሷ ናት። ድንጋዩ ከገደሉ አፍ በደቦ ተፈለጠ፤ ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ግራጫ ድንጋይ። አንጣፊ ወንድምአገኝ የሚባል ወጣት ግንበኛ ከደብረ ብርሃን መጣ። ገበያነሽ አሸዋ ስትሸከም፣ ውሃ ስትቀዳ ከሥራው ቦታ አልጠፋችም። የመጨረሻዎቹ ድንጋዮች እንደተቀመጡ ሮጣ ለአባቷ አበሠረች።

«አባባ፣ አለቀ እኮ! ጠረጴዛ በሉት። አሁንማ በእግርዎ ይሄዳሉ።»

የኔታ ዳዊታቸውን አጥፈው አዩዋት።

«ስንጥቁስ?»

«የምን ስንጥቅ?»

«በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ነዋ! ጭቃ የዋጠውን መቋሚያ ስንጥቅ አይውጠውም? ስንጥቁ ከተደፈነ ለታኅሣሥ ገብርኤል በእግሬ እሄዳለሁ። ካልተደፈነ ግን ዳግመኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ።»

የኔታ ቃላቸውን አያጥፉም፤ እሄዳለሁ ካሉ ይሄዳሉ፣ እቀራለሁ ካሉ ይቀራሉ። ገበያነሽ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ቅጥሩ ውስጥ ስትገባ ድንጋዩ አይታያትም፤ የሚታያት ስንጥቁ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ጣቷን ትሰድበታለች፤ ጣቷ ይገባል። ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለች፤ እሱም ያስገባል። የመቋሚያ ጫፍማ ገብቶ ይዘፍንበታል እያለች ትበሳጫለች።

ወንድምአገኝ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ክፉ የለበትም። የሥራው ቋንቋ ግን ግማሹ የጣሊያን ነው፤ ከአለቆቹ እንደሰማው ይናገረዋል። ሲሚንቶና አሸዋ በውሃ ቀጥኖ በንጣፍ ስንጥቅ ሲሞላ ግንበኞች «ቦያካ» ይሉታል። ሥራው እዚያ ስላልደረሰ ወንድምአገኝ ቃሉን እስከዚያ ቀን ጨፌ በር ላይ አላነሳውም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሲሚንቶው አለቀና ሌላ ሊያመጣ ወደ ሞላሌ ለመውረድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። መኪናው እያጓራ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እትዬ ገበያነሽ! ነገ ቦያካ ነው! በጠዋት እንሞላለን! ወንዶቹ አውድማ ናቸው፤ ሴቶች ይጨመሩ!»

ሞተሩ እኩሌታውን በላው። የቀረውን እኩሌታ ገበያነሽ እንደ አመሏ ራሷ ሞላችው። የሰማችው «ነገ ቡሃቃ ነው፣ ይሞላ፣ ሴቶች ይጨመሩ» የሚል ነው።

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አይሱዙውን በዓይኗ ሸኘችው። ደቦ ሲያልቅ ሴቶች ቡሃቃቸውን ሊጥ ሞልተው መጥተው እዚያው ጋግረው ሠራተኛ ማብላታቸው በጨፌ በር ያለ ነው። ግን ሠራተኛው ራሱ አፍ አውጥቶ ሲጠይቅ ተሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ደግሞ አፈረች፤ «ስንሰስት አይቶን ነው» አለች በሆዷ። የጨፌ በር ስም ደብረ ብርሃን ድረስ ሲጠፋ ታያትና እግሯን አንስታ ወደ ጥሩሸዋ ቤት በረረች።

«አንቺ ጥሩሸዋ፣ ግንበኛው ቡሃቃ ይሞላ ብሏል!»

«በአፉ?»

«በአፉ! ከመኪና ላይ ሆኖ፣ እየጮኸ!»

«ወይኔ ልጄን!» አለች ጥሩሸዋ ጉንጯን ይዛ። «ርቦት ነው ምስኪን። ክሳቱን አላየሽውም?»

ወሬው በአንድ ከሰዓት የመንደሩን ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር አዳረሰ። እያንዳንዷ ሴት ስትቀባበለው ትንሽ ትጨምርበታለች፤ ታች ሠፈር ሲደርስ ግንበኛው በረሃብ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የገብስ ዱቄት ያላት ቡሃቃዋን ሞላች፤ የሌላት ካላት ተበደረች።

በማግስቱ ፀሐይ ሣሩ ላይ ያለውን ውርጭ ሳታቀልጠው ሴቶቹ ቅጥሩን ሞሉት። ቡሃቃ በግንቡ ጥግ ተደረደረ። የነቢያት ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀምስ ባይኖርም ስልጆው በቅል፣ ጠላው በእንስራ፣ ማገዶው በሸክም ቀርቧል። ገበያነሽ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ቦታ ታሲዛለች። በሕይወቷ እንደዚያ ጠዋት ትእዛዝ የፈጸመች መስሏት አያውቅም።

አይሱዙው ሲሚንቶውን ጭኖ መጣ። ወንድምአገኝ ዘሎ ወረደና ባለበት ደረቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቡሃቃው ነዋ!» አለች ገበያነሽ ደረቷን ነፍታ።

«የምን ቡሃቃ?»

«ይሞላ ያልከው! ሴቶች ይጨመሩ ያልከው!»

ወንድምአገኝ ሴቶቹን አየ፣ ሊጡን አየ፣ ገበያነሽን አየ። «እትዬ፣ እኔ ቦያካ ነው ያልኩት! ቦ-ያ-ካ! ስንጥቁን የምንሞላበት ሲሚንቶ!»

 ሳቁን የጀመሩት የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ገብረ አማኑኤል ናቸው። እኒህ ሰው በሠርግ እንኳን ሲስቁ ያየ የለም። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ግንቡን ይዘው ተንተከተኩ፣ ከዚያማ ሴቱ ሁሉ አብሮ በሳቅ ፈነዳ። ጥሩሸዋ ሆዷን ይዛ ሊጧ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ገበያነሽ ፊቷ እሳት ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ስንጥቅማ በየቦታው ሞልቶ ነበር።

ያልሳቀው ወንድምአገኝ ብቻ ነው። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠና ራሱን ይዞ «እኔ ዛሬ የፈለግሁት ሰው ነው» አለ። «መኪናው ነገ ጠዋት ይመለሳል። አብሬው ካልሄድኩ ደብረ ብርሃን የሚጠብቀኝ ሥራ ይበላሻል። ይህን ሁሉ ቅጥር በአንድ ቀን በየትኛው እጅ ልሙላው? ዳቦ ስንጥቅ ይሞላል?»

ይህን ስትሰማ የገበያነሽ ኀፍረት ከላይዋ በረረ። የአባቷ ድምፅ ነው የመጣባት፤ «ካልተደፈነ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ» ያሉት። ልጁ ነገ ከሄደ ስንጥቁ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣ የኔታም መደባቸው ላይ ይቀራሉ። ነጠላዋን አደግድጋ ፊቱ ቆመች።

«ስንት ሰው ነበር የፈለግኸው?»

«ስድስት ሴት ባገኝ እግዜርን አመሰግን ነበር።»

«ታዲያ ቀና ብለህ እይ! ቡሃቃ በራሱ እግር የሚመጣ መሰለህ? በየቡሃቃው ሥር አንዲት ሴት አለች።»

ወንድምአገኝ ቀና አለ። ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር በሙሉ፣ ክንዱን ጠቅልሎ፣ እሱን እያየ ይስቃል። ልጁ ቀስ ብሎ ጥርሱ ተገለጠ።

«ማቡኪያስ? እኔ ያለኝ አንድ ግማሽ በርሜል ነው።»

ገበያነሽ የራሷን ሊጥ ጥሩሸዋ ቡሃቃ ላይ ገለበጠችና ባዶውን ቡሃቃ አመጣችለት። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ጥልቅ፣ በአገሩ አቻ የሌለው።

«እትዬ፣ ሲሚንቶ ከገባበት ወዲያ ለሊጥ አይሆንም እኮ።»

«ገብቶኛል። አቡካ!»

ሌሎች ሦስት ሴቶችም አሮጌ አሮጌ ቡሃቃቸውን ሰጡ። ወንድምአገኝ ሲሚንቶና አሸዋውን አደባለቀ፣ ውሃ ጨመረበት፣ ገበያነሽ እጇን እስከ ክርኗ ከታ አማሰለችው። ልጁ ውፍረቱን ሊያስረዳቸው ቃል ሲፈልግ ቆይቶ «ከአብሲት ወፈር፣ ከሊጥ ቀጠን ይበል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም። «ይኸው፣ ቡሃቃ ማለቱ ነበር እኮ!» ብላ ጥሩሸዋ ስትጮህ እሱም አብሮ ሳቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዷ ስንጥቁን በመጥረጊያ ታጸዳለች፤ ሁለተኛዋ ደረቁ ድንጋይ እርጥበቱን እንዳይመጠው ውሃ ታርከፈክፍበታለች። ሦስተኛዋ ቦያካውን በጣሳ እየቀዳች ታፈሳለች። አራተኛዋ በቀጭን እንጨት ጠቅጠቅ አድርጋ ወደ ታች ትሰደዋለች፣ ጎደል ሲል እንደገና ይሞላል። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ፊት ላይ የፈሰሰው ሳይደርቅ በእርጥብ ማዳበሪያ ይወለወላል። ወንድምአገኝ አንድ ጊዜ አሳያቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ አብሯቸው ሠራ፣ ከዚያ በኋላ የእሱ ሥራ ሲሚንቶ ማቡካት ብቻ ሆነ። ቶሎ ቶሎ ይጨርሱበታል፤ «ቦያካ!» እያሉ ከአራቱም ማዕዘን ይጮኹበታል።

ላይ ሠፈር በሴቶች በር በኩል፣ ታች ሠፈር በወንዶች በር በኩል ያዙና ሳይነጋገሩ እሽቅድምድም ገቡ። መዘባበቱ ሌላ ነው። «እናንተ ስንጥቅ የምትሞሉት እንደ ወሬያችሁ ነው፣ ከላይ ብቻ!» ትላለች አንዷ። «የእናንተማ እንደ ጠላችሁ ቀጥኗል!» ትመልሳለች ሌላዋ። የቤተክርስቲያን ቅጥር መሆኑ ሲታወሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ለአፍታ ይቆያሉ፤ አፍታዋ አትረዝምም።

ገበያነሽ ግን አትዘባበትም። ጫፉ የመቋሚያ ጫፍ የሚያህል ዱላ ይዛ ከሁሉም ኋላ ትከተላለች። ጎደል ያለ ስንጥቅ ስታገኝ እዚያው ቁጢጥ ብላ ትጮኻለች፤ ካልሞሉላት አትነሳም። ጥሩሸዋ መጀመሪያ ተቆጣቻት፤ ቆይታ ግን ነገሩ ገባትና ጣሳዋን ይዛ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ለየኔታ ነው አይደል?»

ገበያነሽ ራሷን ነቀነቀች። 

«በይ አሳዪኝ፣ የቱ ጋ ነው የጎደለው» አለች ጥሩሸዋ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ዞሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ስንጥቅ ተሞላ። ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ ዙሪያውን የተነጠፈው ድንጋይ አንድም የተከፈተ አፍ አልነበረውም። እጃቸውን ታጥበው እሳት አነደዱ፤ የመጣው ሊጥ ሁሉ ቂጣ ሆነ። ወንድምአገኝ በስልጆ እያጠቀሰ ደጋግሞ በላ። አፉን ጠርጎ «ቡሃቃውም አልከፋ» ሲል እንደገና ሳቅ ሆነ።

ሳቁ ሳያባራ ልጁ ወደ ሰማይ አንጋጠጠና ፊቱ ተለወጠ። ደመና የለም። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ስል ሆኖ ይነፍሳል። የመንዝ ሰው ይህን ሰማይ ያውቀዋል።

«ዛሬ ይወርጫል?» አለ።

«እንዴታ!» አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል።

«ሳይጠነክር ውርጭ ከመታው ነገ ዱቄት ነው የሚሆነው። መሸፈን አለበት።»

ከአውድማ የተመለሱት ወንዶች ጭድ በሸክም አምጥተው በተኑበት። ነፋሱ ጭዱን እያነሳ ግንቡን አሻግሮ ገደል ሰደደው። ሁለተኛ ሸክም መጣ፤ እሱም ሄደ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጭዱ ሲበር ያያል፣ ፀሐይዋም ታዘቀዝቃለች። ገበያነሽ ይህን ሁሉ ለፍታ በአንድ ሌሊት ውርጭ? ቆማ ማየቱን አልቻለችበትም፤ ነገር እስከ መጨረሻው የማትሰማዋ ሴት የሰውን ምክር ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ሮጠች።

የኔታ እሳት ዳር፣ ከመንዝ በግ ጠጉር በተሠራ ወፍራም ባና ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ገበያነሽ ባናውን ከትከሻቸው ላይ መግፈፍ ጀመረች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ!»

«ይስጡኝ አባባ፣ ቦያካ ብርድ ሊመታው ነው!»

«ቦያካ ደግሞ ማነው?»

ማስረዳቱ ጊዜ ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። «እንግዳ ነው» አለች። «ዛሬ የመጣ። ገብርኤል ቅጥር ውስጥ ነው የሚያድረው።»

የኔታ ደነገጡ። «እንግዳ በዚህ ውርጭ ደጅ ያድራል? የጨፌ በር ሰው ምን ነክቶታል? ውሰጂ!» አሉና ባናውን ራሳቸው አወለቁላት። በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ጠርተው በርኖሳቸውን ጣሉላት። «ይህንንም ደርቢለት። ቀጭን ሰው ከሆነ አይበቃውም።»

ገበያነሽ ባናና በርኖሱን ታቅፋ ስትመለስ ሰው አያት። ድንጋዩ ላይ ዘረጋችና በአራቱ ማዕዘን የድንጋይ ክብደት ጫነችበት። ነፋሱ ባናውን ሊያነሳው ታገለ፣ አቃተው። መጀመሪያ ጥሩሸዋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ቀጥሎ ሁሉም ሮጠ። ባና መጣ፣ ዝተት መጣ፣ አጎዛ መጣ፣ የሙሽራ ብርድ ልብስ ሳይቀር መጣ። ፀሐይዋ ጨርሳ ስትጠልቅ የጨፌ በር መኝታ በሙሉ ገብርኤል ቅጥር ውስጥ ተነጥፎ ነበር። ያን ሌሊት ሰው ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ በጎቹን አቅፎ አደረ። ማንም አላማረረም፤ እንዲያውም በየቤቱ ሲሳቅ ነው የታደረው።

ጠዋት ወንድምአገኝ አንዱን ባና ገልጦ ስንጥቁን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው። «ይዟል!» አለ። ገበያነሽ ሳታስበው እልል አለች። ልጁ ሳምንት ያህል ማታ ማታ እንዲሸፍኑት፣ ቀን ቀን ውሃ እንዲያጠጡት አዘዘና ሴቶቹ ያሸከሙትን ቂጣ ይዞ አይሱዙው ላይ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ አንገቱን በመስኮት አወጣና አንድ ነገር ጮኸ። ገበያነሽ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ «አልሰማሁም! እንዳትናገር!» አለችው።

ሳምንቱን ሁሉ ማታ ማታ ባናው ይነጠፋል፣ ጠዋት ጠዋት ይነሳል። የማን የማን እንደሆነ ተደበላልቆ ነበርና ጠዋት ጠዋት ቅጥሩ ገበያ ይመስላል። ሁለት ሴቶች አንድ ዝተት ይዘው ሲጓተቱ ቆይተው በመጨረሻ ዝተቱ የሦስተኛዋ ሆኖ ተገኘ። የኔታም በየማታው «እንግዳሽ እስካሁን አልሄደም?» ይላሉ። «ገና ነው አባባ፣ ገና አልጠነከረም» ትላቸዋለች።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ገበያነሽ ስንጥቁ መደፈኑን ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን «እህ» ብቻ ነው ያሉት። ያን ጠዋት ጎህ ሲቀድ ስትነሳ የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ አዩዋት። እጇን መለሰች። ከኋላቸው፣ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ትንፋሿን ውጣ ተከተለቻቸው።

ቅጥሩ በር ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያም መቋሚያቸውን አንስተው የመጀመሪያው ስንጥቅ ላይ ተከሉት። ገፉት። አዞሩት። አልገባም። አንድ እርምጃ ሄዱና ሁለተኛው ስንጥቅ ላይ ተከሉ። ገፉት። አልገባም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የመጣው ሕዝበ ክርስቲያን በሩ ላይ ተከማችቶ ነበር።

«የኔታ፣ ሕዝቡ ቆሟል እኮ» አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል ቀስ ብለው።

«እኔ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። እሱ ትንሽ ቢቆም ምን አለበት?»

 የኔታ ዞረው ገበያነሽን ፈለጓት።

«ያ እንግዳሽስ የታለ? ባናዬን ያለበስሽው?»

ገበያነሽ ከንፈሯን ነከሰች። «እየረገጡት ነው አባባ።»

የኔታ ወደ እግራቸው አዩ። በግራጫው ድንጋይ መካከል የሚሄደውን ነጣ ያለ መስመር በዓይናቸው ተከትለው እስከ ቤተክርስቲያኑ ደረጃ ደረሱና ተመለሱ። የልጃቸውን እጅ አዩ፤ ሲሚንቶ የላጠው፣ በየጣቱ የተሰነጠቀ እጅ ነው።

«ቦያካ?» አሉ።

«ቦያካ።»

ያኔ ሳቁ። ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከልባቸው ሳቁ። «በይ አንቺ ቦያካ፣ መንገዱን ልቀቂልኝ!» አሏትና አልፈዋት ገቡ። ስሙም ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ በዚያው ጸና፤ የኔታ ያወጡትን ስም ማን ይሽራል?

ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲጀመር የኔታ መሃል ገቡ። ከበሮው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከዚያ ፈጠነ። ሽማግሌው እግራቸውን አነሱ፣ ድንጋዩን መቱት፣ ድንጋዩም ተሸከማቸው። መቋሚያው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ፤ አንድም ጊዜ አልተያዘም። ገበያነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች። ድምፅዋ ሲዘጋ ጥሩሸዋ ቀጠለችላት። ደስታዋ ያስለቅሳት ጀመር፤ ሰው ያየኛል ብላም አልደበቀችው።

በዓሉ አልቆ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ልትወስዳቸው መጣች። የኔታ ወጣቶቹን መዘምራን ዙሪያቸውን አቁመው የተሳሳቱትን ዜማ ያሳርሟቸዋል።

«አባባ፣ ደክሞዎታል። እንሂድ፣ ምሳዎ ይቀዘቅዛል።»

«ማን ደከመው?» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «አንቺ ሂጂ። ምሳውን ብዪው። እኔ እዚህ ሥራ አለብኝ።»

ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ አፏ እንደለመደው «አባባ፣ መጣሁ» አለች። የመለሰላት የለም። ባናው ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ዓመት የተቀመጡበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል። ገበያነሽ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ቁጭ አለችና ብቻዋን ሳቀች። ባዶ ቤት እንደዚያ ቀን ደስ አሰኝቷት አያውቅም።